በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚገኙ ማዕድናትና በካይ ነገሮች

የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ነዋሪዎች የሚጠጡት ውሃ በአብዛኛው ከፖቶማክ ወንዝ የሚቀዳ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከፖቶማክና ከፓተክሰንት፣ አሌክሳንድሪያ ደግሞ ከፖቶማክና ከኦኮኳን የሚመጣ የተጣራ ውሃ ያገኛሉ። ውሃው ከማጣሪያ ጣቢያው ንጹሕ ሆኖ ቢወጣም፣ እስከ ቤት በሚያደርሰው ቧንቧ ውስጥ ሊበከል ይችላል።

ለዚህ ጉልህ ማስረጃ የሚሆነው የዋሽንግተን ከተማ የእርሳስ ብክለት ነው። እ.አ.አ. በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የከተማዪቱ ውሃ የሚታከምበት ክሎሪን በክሎራሚን ተተካ። ዓላማው ክሎሪን የሚፈጥራቸውን ጎጂ ውህዶች መቀነስ ነበር። ይሁንና በአሮጌዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች ውስጠኛ ገጽ ላይ የተጋገረው መከላከያ ንጣፍ በለውጡ ምክንያት መሟሟት ጀመረ። በብዙ ቤቶች የእርሳሱ መጠን ባለሥልጣናት እርምጃ እንዲወስዱ ከሚያስገድደው ልክ፣ በሊትር ከ15 ማይክሮግራም፣ አለፈ። ሕዝቡ ጉዳዩን በስፋት ያወቀው ግን በ2004 መባቻ በጋዜጣ ነው። በዚያው ዓመት ቧንቧውን ከውስጥ የሚሸፍን ኦርቶፎስፌት ይጨመር ጀመር።

እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ለእነርሱ ጉዳት የሌለው መጠን አልታወቀም። በአዋቂዎች ላይ የደም ግፊትንና የኩላሊት ሕመምን ያስከትላል። ማፍላት እርሳስን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይበረታል። ስለዚህ ለምግብ፣ ለቡናና ለሕፃን ወተት የሚውለው ውሃ ከቀዝቃዛው ቧንቧ ሊቀዳ ይገባል። ማጣሪያ የሚገዛም እርሳስን እንደሚያስቀር የተረጋገጠለትን መምረጥ አለበት፤ ሁሉም ማጣሪያ ይህን አያደርግም።

በማንቆርቆሪያ ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ብዙዎችን ያሳስባል። እርሱ ግን በአመዛኙ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው፤ ሁለቱም ለሰውነት የሚያስፈልጉ ናቸው።

የፍሎራይድ ጉዳይ የመጠን ጉዳይ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ጥርስን ከመቦርቦር ለመከላከል በሊትር 0.7 ሚሊግራም እንዲሆን ይመከራል። የዓለም የጤና ድርጅት ወሰን 1.5 ነው። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ግን ከ10 ሚሊግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። በዚያ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ከፍተኛ መጠን ለብዙ ዓመታት የጠጡትም፣ በወንጂ የስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ እንደታየው፣ አጥንታቸውና መገጣጠሚያቸው ይጎዳል።

ናይትሬት ከማዳበሪያና ከፍሳሽ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይገባል። ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች በሆነ ሕፃናት ደም ውስጥ የኦክሲጅንን ዝውውር ስለሚያውክ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2024 ባወጣው ደንብ፣ አብዛኞቹ የውሃ ድርጅቶች የእርሳስ ቧንቧዎችን በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲለውጡ አዟል። ድርጅቶቹ ወደየቤቱ የሚገቡትን ቧንቧዎች መዝግበው ለሕዝብ ክፍት እንዲያደርጉም ስለሚገደዱ፣ ነዋሪዎች ወደ ቤታቸው የሚገባው ቧንቧ ከምን እንደተሠራ ጠይቀው መረዳት ይችላሉ።