ከመድኃኒት ቤት የወጣ ውሃ፦ ጋዝ ያለው ውሃና የስኳር ሕመምተኛው

ለስኳር ሕመምተኛ «ለስላሳ መጠጥ አትጠጣ» የሚለው ምክር በየሕክምና ተቋሙ ሲሰጥ የኖረ ነው። ምክሩ ትክክል ቢሆንም ብዙ ጊዜ ግማሹ ሳይነገር ይቀራል፤ ይኸውም የተከለከለው ስኳሩ እንጂ ጋዙ አለመሆኑ ነው። ሁለቱ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ እንዴት እንደ ተገናኙ የሚያስረዳው ታሪክ በከፊል የመድኃኒት ቀማሚዎች ታሪክ ስለሆነ፣ በሙያው ባልደረቦች ዘንድ ሊታወስ ይገባዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1767 ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሰባኪና የኬሚስትሪ ተመራማሪ በሊድስ ከተማ ከአንድ ቢራ ጠመቃ ቤት አጠገብ ይኖር ነበር። በሚብላላው ጥንስስ ላይ ረብቦ የሚታየውን ጋዝ፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ከውሃ ጋር ማዋሐድ ቻለ። በ1772 ዘዴውን አሳትሞ ሲያወጣ ዓላማው መርከበኞችን ከስከርቪ በሽታ ለማዳን ነበር። ስከርቪ ከቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣ በመሆኑ ተስፋው ባይሠምርም ውሃው ግን ተወደደ። በ1783 ያኮብ ሽዌፕ በጄኔቫ ለገበያ ያቀርበው ጀመር። ይህ ሁሉ ሲሆን ውሃው የጤና መጠጥ ተብሎ ይሸጥ ነበር እንጂ ስኳር አልነበረበትም።

ስኳሩን በብዛት ያስገቡት በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነበሩት የአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች ናቸው። ቀማሚዎቹ ጋዝ ያለውን ውሃ ከጣፋጭ ሽሮፕ ጋር እየቀላቀሉ በባንኮኒያቸው ላይ ይሸጡ ነበር። በ1886 በአትላንታ የመድኃኒት ቀማሚው ጆን ፔምበርተን ያዘጋጀው ኮካ ኮላም መጀመሪያ የተሸጠው በመድኃኒት ቤት ውስጥ ነው።

በዚያው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ባለጸጋ የስኳር ሕመምተኞች በቦሔሚያ ወደምትገኘው ወደ ካርልስባድ እየተጓዙ የማዕድን ውሃዋን ይጠጡ ነበር። ሕመሙ ሲቀልላቸውም ምስጋናው ለውሃው ይሰጥ ነበር፤ ዳሩ ግን ከውሃው ጋር የተመጠነ ምግብና የእግር ጉዞም ይታዘዝላቸው ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም አፖሊኔር ቡሻርዳ ደግሞ ፓሪስ በ1870 እና በ1871 ተከብባ ምግብ በጠፋበት ጊዜ፣ ከሕመምተኞቹ ሽንት ውስጥ ስኳር መቀነሱን አስተዋለ። ስለዚህ የጠቀማቸው የጨመሩት ነገር ሳይሆን የተዉት ነገር ነበር። ጋዝ ያለው ውሃም ለስኳር ሕመምተኛ የሚሰጠው ጥቅም ይኸው ነው፤ በሽታውን አያድንም፤ ነገር ግን ስኳር የለበትም።

በ1921 በቶሮንቶ ኢንሱሊን ከተገኘ በኋላ ሕመምተኛው ረጅም ዕድሜ መኖር በመቻሉ የዕለት መጠጡ ጉዳይ አዲስ ክብደት አገኘ። በ1952 በብሩክሊን ሃይማን ኪርሽ የተባለ የመጠጥ አምራች፣ በአንድ ሆስፒታል ለሚታከሙ የስኳር ሕመምተኞች በማሰብ፣ በሳይክላሜት የጣፈጠና ስኳር የሌለበት ለስላሳ አወጣ። የአሜሪካ መንግሥት በ1969 ሳይክላሜትን ከምግብና ከመጠጥ አገደ። ማጣፈጫ የሌለበት ውሃ ግን እንዲህ ያለ ክርክር አልነካውም።

በኢትዮጵያ ይህ መጠጥ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከምትገኘው ከአምቦ የሚፈልቀው ውሃ ጋዙን ከምድር ይዞ የሚወጣ ሲሆን፣ ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ሲቀርብ ቆይቷል። በእንግዳ ፊት «አምቦ ውሃ ይምጣልኝ» ማለት ነውር የለበትም፤ ሕመምተኛውም ከማኅበር ገበታ ሳይለይ፣ ሕመሙንም ማስረዳት ሳያስፈልገው ይጠጣል።

ነገሩ ቀላል የማይሆነው ስለ ጥማቱ ነው። በደሙ ውስጥ ስኳር የበዛበት ሰው ውሃ ይጠማዋል። ጥማቱን 330 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኮላ ቢያስታግስ ወደ 35 ግራም የሚጠጋ ስኳር ይጨምራል፤ በዚህም ጥማቱ ይብስበታል። ይህን ዙር የሚሰብረው ስኳር የሌለበት ውሃ ነው።

ከዚሁ ጋር ሁለት ማሳሰቢያዎች መነገር አለባቸው። የማዕድን ውሃ ሶዲየም ሊኖረው ስለሚችል የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ይመልከት። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ደግሞ የሚያድነው ስኳር እንጂ አምቦ ውሃ አይደለም።

ስኳሩ ወደ ውሃው የገባው በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ነበር። ዛሬም በዚያው ባንኮኒ ጀርባ የሚቆም ባለሙያ «አትጠጣ» ካለ በኋላ «ይህን ጠጣ» ብሎ ቢጨምር ምክሩ ሙሉ ይሆናል።