የሐሰት ምስክር በበቅሎ ዘመንና በወህኒ ዘመን

በአያቶቻችን ሙግት ሐሰተኛን የሚያስፈራው ወህኒ አልነበረም። ዳኛው ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ባለጉዳዮቹ ጋቢያቸውን አደግድገው ፊቱ ይቆማሉ። አንዱ «ተጠየቅ!» ሲል ሌላው «ልጠየቅ!» ይላል። ከዚያ ውርርድ ይመጣል። ትንሽ የተማመነ «በማር!» ይላል፤ የባሰበት «በበቅሎ!» ይላል። የተረታው የተወራረደበትን ለዳኛው ያገባል። የድሮውን ችሎት እንደ ደግ ዘመን የሚያወሩልን ሰዎች ይህቺን ይዘሏታል፤ ሙግቱ በጋለ ቁጥር የሚጠቀመው ዳኛው ነበር።

ምስክር ሲቆጠር ባላጋራው ይነቅፋል፦ «ይህ ዘመዱ ነው»፣ «ያኛው ደመኛዬ ነው»። ከነቀፋ የተረፈው በንጉሥ ስም ይምላል፤ ነገሩ ከከረረም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይወሰዳል። የእኛ አገር ሽማግሎች ሲያወሩ እንደሰማሁት ለሚምለው ሰው ጧፍ ይለኮስለታል፤ «ዋሽቼ እንደሆነ እንደዚህ ያጥፋኝ» ብሎ እፍ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ላሙ ብትሞት፣ ልጁ ቢታመም፣ መንደሩ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አይፈልግም። በማኅበር አጠገቡ የሚቀመጥ ያጣል። እንደ እኔ ግምት ከሲኦል ይልቅ ይሄ ይከብድ ነበር።

ለሊቃውንቱ ደግሞ መጽሐፉ ፍትሐ ነገሥት ነበር፤ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ፣ መንፈሳዊና ሥጋዊ ተብሎ የተከፈለ። ከኋላው ኦሪት አለ። ዘዳግም ምዕራፍ 19 ሐሰተኛ ምስክር በወንድሙ ላይ ሊያደርስ ያሰበው በራሱ ይድረስበት ይላል።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ከፍትሐ ነገሥት ጥላ አልወጣም። ጭልጥ ብሎ የተለየው የ1949ኙ ነው። ስዊሳዊው ዣን ግራቨን አረቀቀው፤ ሐምሌ 16 ቀን ታወጀ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ በሐሰት መመስከር ራሱን የቻለ ክስ የሚከፈትበት፣ ፍርዱም እስራት የሆነ ወንጀል ነው። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ቁጥር 453 ደግሞ ምስክሩን ብቻ አይዝም፤ የሐሰት አስተያየት የሰጠ ባለሙያና አዛብቶ የተረጎመ አስተርጓሚም አብረው ይገባሉ።

ጠበቃ ነኝና የማየውን ልናገር። ምስክሩ ቀኝ እጁን አንስቶ ይምላል፤ ዳኛው በሐሰት ቢመሰክር እንደሚቀጣ ያስጠነቅቁታል፤ እሱም «እሺ» ይላል። አንዳንዱን ከአንድ ሰዓት በፊት ማመልከቻ ጸሐፊው ጃንጥላ ሥር ቃሉን ሲያጠና አይቼዋለሁ። «ቀይዋ መኪና ናት ወይስ ነጯ?» ብሎ የጠየቀም አለ። በመስቀለኛ ጥያቄ «ጎረቤትህ ነው ካልክ የግቢው በር በየት በኩል ነው?» ስትለው ላብ ያጠምቀዋል። መንደሩ አያውቀውም፤ ነገ ሌላ ችሎት ይቆማል። ለብቻው ክስ ተከፍቶበት የሚፈረድበት ግን እኔ በቆምኩባቸው ችሎቶች ብርቅ ነው። የተከፈለው ምስክር ይህን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል።

ብዙ ባለጉዳይ የማይቀበለኝ ሌላ ነገር አለ። «ተከሳሹ ለምን አይምልም?» ይሉኛል። በ«ተጠየቅ» ዘመን ተከሳሽ ፊት ለፊት ይፋጠጥ ነበር። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 142 ግን ተከሳሽ ቃሉን ሲሰጥ ዐቃቤ ሕግ መስቀለኛ ጥያቄ ሊያቀርብለት አይችልም፤ ግልጽ ላልሆነ ነገር የሚጠይቀው ችሎቱ ብቻ ነው። የሚምሉት ለእሱም በእሱም ላይ የመጡት ምስክሮች ናቸው።