ከፕላዝማ እስከ ራስቤሪ ፓይ፦ የትንሿ ሰሌዳ ትረካ

ስሙኝማ፣ የወለጋ ልጆች! ነቀምቴ ያላችሁ፣ ጊምቢና ሻምቡ ያላችሁ፣ ደምቢ ዶሎ ያላችሁ፣ ከዚያ ወጥታችሁ አዲስ አበባ የከተማችሁም! ዛሬ የማወራችሁ ከመታወቂያ ካርድ እምብዛም ስለማትበልጥ አንዲት ሰሌዳ ነው። ከእርሷ በፊት ግን ስለ ፕላዝማ ላንሣ፤ የፕላዝማን ዘመን የዘነጋ ሰው የዚህችን ሰሌዳ ነገር ግማሹን ብቻ ነው የሚሰማው።

1997 ዓ.ም. ነው። በመላ አገሪቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተተከሉ። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ መንገዱ ሳተላይት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ነቀምቴም ሆነች ድሬዳዋ፣ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ታያለች። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ዛሬም ትልቅ ነው እላለሁ። የፊዚክስ መምህር ላጣች ከተማ የተሰናዳ ትምህርት ማድረስ የሚናቅ ሥራ አይደለም። ነገር ግን መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ተማሪው ግራ ቢጋባ፣ መምህሩ «ቆይ፣ ይህችን ደግሜ ላሳያቸው» ቢል፣ ስርጭቱ አይጠብቀውም። ፊልሙ በክፍሉ ውስጥ ይታያል እንጂ የክፍሉ አልነበረም።

አሁን ወደ ሰሌዳዋ እንምጣ። የካቲት 21 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ። ኤበን አፕተንና ባልደረቦቹ ራስቤሪ ፓይ የተባለች ኮምፒውተር ለገበያ አወጡ፤ ዋጋዋ 35 ዶላር። ስክሪንና ኪቦርድ ስትሰኩባት፣ በሚሞሪ ካርድ ላይ የተጫነው ሊኑክስ ተነሥቶ ሙሉ ዴስክቶፕ ይሆናል። ፕሮሰሰሯ ደካማ ነበር፤ ፍጥነቱ 700 ሜጋኸርዝ። እንግዲህ ጠይቁኝ፦ በዚህ አቅም ፊልም እንዴት ይታያል?

ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሒሳቡን እዩት። አንድ ሙሉ ኤችዲ ምስል በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። ፊልሙ በሰከንድ 30 ምስል ያሳያል እንበል። ስለዚህ በየሰከንዱ ከ62 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ከተጨመቁበት ተፈትተው፣ ቀለማቸው ተስተካክሎ፣ ስክሪኑ ላይ መድረስ አለባቸው። የዚያች ሰሌዳ ፕሮሰሰር ይህን ብቻውን ይሥራ ቢባል ፊልሙ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ከአፉ ይቀድማል፣ ሰሌዳዋም ትግላለች።

ግን ብቻውን አልነበረም። በዚያው ቺፕ ውስጥ ቪዲዮኮር የሚባል ሌላ ክፍል አለ። መጀመሪያ የሠራው አልፋሞዛይክ የሚባል የካምብሪጅ ኩባንያ ነው፤ በኋላ ብሮድኮም ጠቀለለው። ቪዲዮኮር ኤች.264 የሚባለውን የፊልም አጨማመቅ ለመፍታትና ሥዕል ለመሣል የተበጀ ነው፤ ሙሉ ኤችዲውን ያለ ጭንቀት ይወጣዋል። እንዲያውም ሰሌዳዋ ስትበራ መጀመሪያ የሚነቃው እርሱ ነው፤ ፕሮሰሰሩን የሚቀሰቅሰውም እርሱው። ችግሩ አሠራሩ ምስጢር መሆኑ ነበር። በግቢያችሁ ወፍጮ ተተክሎ፣ ቁልፉ ግን ሌላ ሰው እጅ ሆኖ፣ እናንተ በእጅ ስትፈጩ እንደ መዋል ቁጠሩት። ለዚሁ ተብሎ በተሠራ አንድ ማጫወቻ ፊልሙ ሙሉ ስክሪን ይዞ ያለ እንከን ይሄዳል። ያንኑ ፊልም በብራውዘር ስትከፍቱ ግን ይንተባተባል፤ ዴስክቶፑ ላይ መስኮት ስትጎትቱ እየተንቀረፈፈ ይከተላችኋል። ብዙ ሰው «ይቺ መጫወቻ ናት» ብሎ ወደ መሳቢያ የወረወራት በዚህ ጊዜ ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አልነበረም።

ሁለት ዓመት አለፈ። አሁንም የካቲት 21፣ ዓመቱ 2006 ዓ.ም.። ብሮድኮም የቪዲዮኮርን የሥዕል ክፍል ሰነድና፣ የአንድ የቅርብ ዘመዱን ቺፕ የድራይቨር ኮድ፣ ማለትም ቺፑን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ለሕዝብ ለቀቀ። የራስቤሪ ፓይ ሰዎችም በዚያው ቀን አወጁ፦ ይህን ኮድ ወደ እኛ ሰሌዳ አምጥቶ ኩዌክ 3 የተባለውን ጨዋታ በደንብ ላስኬደ 10 ሺህ ዶላር! ብዙም ሳይቆይ ሳይመን ሆል የሚባል ፕሮግራመር ሽልማቱን ወሰደ። በዚያው ዓመት በሰኔ፣ ኢንቴል ለሊኑክስ ግራፊክስ ሲሠራ የኖረው ኤሪክ አንሆልት ወደ ብሮድኮም ገባና ቪሲ4 የተባለውን ነፃ ድራይቨር መጻፍ ያዘ። በ2008 ዓ.ም. ድራይቨሩ ከሊኑክስ ከርነል ጋር ተቀላቀለ።

ይህ ለራስቤሪ ፓይ ነው። ርካሾቹ ሰሌዳዎች፣ እነ ኦሬንጅ ፓይ፣ ማሊ የሚባል ሌላ የግራፊክስ ክፍል ነበራቸው፤ የእርሱ ባለቤት ኩባንያ ደግሞ ምስጢሩን አጥብቆ ያዘ። ሉክ ቨርሀገን የሚባል ሰው የማሊን ጠባይ ከውጭ እያየ፣ ምን ሲላክለት ምን እንደሚመልስ እየመዘገበ፣ ሊማ የተባለ ድራይቨር ጀመረ። አሊሳ ሮዘንዝዋይግ ደግሞ ለአዳዲሶቹ ማሊዎች ፓንፍሮስት የተባለውን ጀመረች። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ አሊሳ ይህን ሥራ ስትይዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ነቀምቴም ሆነ ነጆ 11ኛ ክፍል ለምትማሩ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልሆነልኝም፤ ኮዱ ዛሬም ለሚያነብ ሁሉ ክፍት ነው። ሊማም ፓንፍሮስትም በሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው ሊኑክስ 5.2 ውስጥ አንድ ላይ ገቡ።

ፊልም መፍታት ግን ከመሣል የተለየ ሥራ ነው፤ በቺፑም ውስጥ ክፍሉ ሌላ ነው። በብዙዎቹ ኦሬንጅ ፓዮች ላይ ላሉት ኦልዊነር ለሚባሉ ቺፖች ይህን የሠራው ቡትሊን የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት ሲሆን፣ ገንዘቡ የመጣው በ2010 ዓ.ም. ከተጠቃሚዎች በተሰበሰበ መዋጮ ነው። እኛ እቁብና እድር ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ነገር ሕዝብ ለድራይቨር ማዋጣቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ወለጋ ልመለስ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት 22 ድረስ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋ፣ ነቀምቴን ጨምሮ፣ ኢንተርኔቱ ተዘጋ። ያን ጊዜ ያሳለፈ ሁሉ፣ ትምህርት በሩቅ ሰርቨር ላይ ብቻ ሲቀመጥ ምን እንደሚያስከትል የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም። ትንሿ ሰሌዳ ለዚህ ትሆናለች። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን፣ ኮሊብሪ በሚባለው ደግሞ የቪዲዮ ትምህርቶችን ካርዷ ላይ ጭና፣ ያለ ምንም ኢንተርኔት ለክፍሉ ታድላለች። መምህሩ ያቆማታል፣ ይመልሳታል፣ ይደግማታል። ኃይሏም ጥቂት ነው፤ የራስቤሪ ፓይ 4 ቻርጀር እንኳ 15 ዋት ነው፣ ስለዚህ መብራት ቢጠፋ በመጠነኛ ባትሪ ትቆያለች። ፊልሙን የሚፈታው ለዚያ የተመደበው የቺፑ ክፍል ሲሆን ደግሞ ከዚህም ያነሰ ትበላለች።

ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ ሌላ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እገዛ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ አሳትሞ፣ በ1896 ዓ.ም. ነቀምቴ ገብቶ ሕዝቡን በቋንቋው ሲያስተምር፣ ፊደልና ትምህርት የቤት ንብረት ሆኑ። ዛሬ የነቀምቴ የኬሚስትሪ መምህር በስልኩ በአፋን ኦሮሞ የቀረጸውን ትምህርት በፍላሽ አምጥቶ ሰሌዳዋ ላይ ማስቀመጥ ይችላል። ፕላዝማው ይህን አይፈቅድም ነበር።

ሆኖም የፊልሙ አጨማመቅና የሰሌዳዋ የመፍቻ ክፍል መግባባት አለባቸው። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የወጣችው ራስቤሪ ፓይ 4 ኤች.264ንም ኤች.265ንም በክፍሏ ትፈታለች። ዩቲዩብ ለብራውዘር ብዙ ጊዜ የሚልከውን ቪፒ9 ግን አትፈታም፤ ያኔ ሸክሙ ሁሉ ወደ ፕሮሰሰሩ ይመለሳል። በ2016 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት የታወጀችው ራስቤሪ ፓይ 5 ደግሞ የኤች.264 መፍቻውን ጭራሽ ትታዋለች፤ አራቱ ፕሮሰሰሮቿ ስለ ጠነከሩ ሥራውን ራሳቸው ይሸፍኑታል። አዲስ ሁልጊዜ በሁሉም ይሻላል ብላችሁ አትግዙ። ለክፍል የሚሆን ትምህርት በኤች.264፣ በ720 ጥራት ይቀመጥ፤ ለስክሪኑም በቂ ነው፣ አሮጌዎቹም ሰሌዳዎች ያጫውቱታል።

ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለወጣት ማዕከል ሰሌዳ የምትገዙ ሁሉ፣ ሻጩ ስለ ጊጋኸርዝ ሲነግራችሁ ስሙት፣ ግን በዚያ አትርኩ። ዴስክቶፑን አስከፍቱና ግራፊክሱን ማን እንደሚሠራው እዩ። ኤልኤልቪኤምፓይፕ የሚል ስም ከወጣ ሥዕሉን ፕሮሰሰሩ እየታገለበት ነው፤ የራስቤሪ ፓዩ ቪ3ዲ፣ ወይም ሊማ፣ ወይም ፓንፍሮስት ካለ የተመደበለት ክፍል ሥራውን ይዟል። ከዚያም የራሳችሁን የትምህርት ፊልም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው አስከፍቱት፤ ፊልሙ እየሄደ ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደተጠመደ ተመልከቱ። ብር የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ይሁን።