የጣና ዓሣና አጥማጆቹ

ከአገራችን ሐይቆች በስፋት የሚበልጠው ጣና ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሐይቁ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ገዳማቱን ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የዓሣው ሥራ ወደ ሰፊ ንግድ እንዴት እንደ ተሻገረና ምን እንዳስከተለ ለመመርመር እንሞክራለን። የአውሮጳን አቈጣጠር ስንጠቀም እንገልጻለን።

ከጥንት ጀምሮ በጣና ዳር የታወቁት አጥማጆች ወይጦዎች ናቸው። እነርሱ ከደንገል በሠሩት ታንኳ እየቀዘፉ ዓሣ ያጠምዱ፥ ጉማሬም ያድኑ ነበር። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ በመባላቸው ጎረቤቶቻቸው ይንቋቸው ነበር። በታንኳ የሚሠራ አጥማጅ ብዙ ጊዜ ከዳር አይርቅም፤ የሚይዘውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ዓሣውን ከመጠን በላይ ከመያዝ የጠበቀው የመሣሪያው ዐቅም እንጂ የተጻፈ ደንብ አልነበረም።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1986 ከኔዘርላንድ በተገኘ ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለሥራ ዋሉ። በዚሁ አቈጣጠር በ1987 በጀልባዎቹ የተያዘው ዓሣ 39 ቶን ነበር፤ በ1997 ግን 360 ቶን ደረሰ። አጥማጁ ገቢ፥ ከተማውም ምግብ አገኘ። ይህን ጥቅም መካድ አይገባም።

ነገር ግን ጉዳቱ ብዙ አልዘገየም። በ1991 እና በ2001 መካከል (በዚሁ አቈጣጠር) ነጭ ዓሣ የሚባለው የባርበስ ወገን 75 ከመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋገጡ። በዚያው ዘመን አምባዛና ቆሮሶ እንዲህ አልቀነሱም። የልዩነቱ ምክንያት በዓሣዎቹ አረባብ ላይ ይገኛል። ከባርበስ ዓይነቶች ብዙዎቹ በክረምት ተሰብስበው እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውንም በጠጠራማ ስፍራ ይጥላሉ። መረብ በወንዙ አፍ ሲዘረጋ የሚያዘው ገና ያልወለደው ዓሣ ነው። በወንዞቹም ውስጥ በብርብራ ፍሬ ዓሣ የሚያደነዝዙ ነበሩ። ከእነዚህም ዓሣዎች ብዙዎቹ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለ ለያቸው፥ ከዚህ ከጠፉ ከሌላ ቦታ ሊተኩ አይችሉም።

በ1995 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 315 ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ይደነግጋል። ሕግ መውጣቱ መልካም ነው። ሆኖም በክረምት መረብህን አንሣ የተባለ ሰው ቤተ ሰቡን በምን እንደሚያሳድር ካልታሰበለት በሌሊት ተመልሶ መዘርጋቱ አይቀርም። በታንኳ የሚኖረውና ባለ ሞተር ጀልባውም በአንድ ሚዛን ሊታዩ አይገባም፤ የመያዝ ዐቅማቸው እጅግ የተለያየ ነውና።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ሐይቁን በሙሉ መዝጋት አያስፈልግም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹ አፎች ብቻ ከመረብ ቢጠበቁ፥ በዚያ ጊዜ አጥማጁ ወደ ቆሮሶና ወደ አምባዛ ቢመራ፥ ጥበቃውም ከአጥማጆቹ ማኅበራት ጋር በስምምነት ቢካሄድ ዓሣውም አጥማጁም ሊተርፉ ይችላሉ። ከመንግሥት ሹም ይልቅ ዓሣው መቼና በየት እንደሚወጣ የሚያውቀው አጥማጁ ነው፤ ደንቡ ሲረቀቅም አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው እርሱ ነው።