በድንጋዩ በኩል

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ማብቃቱ ነው። ክሌር የምትባል እንግሊዛዊት ነርስ ከባሏ ጋር ስኮትላንድ ለሽርሽር ትሄዳለች። እዚያ አንድ ኮረብታ ላይ ክብ ሠርተው የቆሙ ጥንታዊ ድንጋዮች አሉ። አንዱን ትነካለች፣ ስትነቃ 1743 ላይ ናት። ከዚያ ጄሚ የሚባል ቀይ ጸጉራም ደገኛ ይመጣል። የቀረውን እኔ ልንገራችሁ?

(ዓመተ ምሕረት ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ሳትደነጋገሩ።)

የዲያና ጋባልዶን «አውትላንደር» የታተመው በ1991 ነው። ወደ ቴሌቪዥን የመጣው ደግሞ በ2014። እኔ ያነበብኩት አምቦ ተቀምጬ፣ በስልክ፣ ከቴሌግራም በወረደ ፒዲኤፍ ነው። ከእሱ በኋላ መዓቱ ተከተለ፤ ደም የሚመጥ የጎሳ አለቃ፣ ሌሊት ተኩላ የሚሆን የአየርላንድ ልዑል፣ ከሐይቅ ውስጥ የምትወጣ ተረት የመሰለች ሴት። ከጓደኞቼ ጋር እየተቀባበልን ጨረስናቸው። አንድ ታላቅ ዘመዴ ስልኬን አየት አድርጎ «የራሳችን ጉድ አንሶን ነው የእነሱን ጋኔን የምታነቢው?» አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ከምዕራብ ሸዋ የወጣ ሰው የስኮትላንድና የአየርላንድ መንፈስ ምን ያደርግለታል?

መጀመሪያ፣ ነገሩ አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን ነቢይ መኮንን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልቦለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመ። ወረቀቱ 3,000 ያህል ቁራጭ ነበር ይባላል። በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ፣ የአንድ ትውልድ የፍቅር መጽሐፍም ሆነ። መጽሐፉን ያነበበ ሰው «ታራ» የምትባለውን እርሻ አይረሳትም። ታራ ከየት መጣ? የስካርሌት አባት ጄራልድ ኦሃራ ከአየርላንድ የተሰደደ ነው። መሬቱን ሲያገኝ የጥንት የአየርላንድ ነገሥታት መቀመጫ በነበረው ኮረብታ ስም ሰየመው። እንግዲህ የኬልቶች ኮረብታ አማርኛ ውስጥ የገባው በሲጋራ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው። የዚያን ጊዜ አንባቢዎች «የእነሱ ኮረብታ ለእኛ ምናችን ነው» ያሉ አይመስለኝም።

ከዚህም የቀረበ አለ፤ ከቤታችን አጠገብ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከአምቦ ብዙ በማይርቀው ቦዳ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ የአንኮበር አማራ። አምቦ ተማሪ ሳለ፣ ገና ልጅ ሆኖ፣ የጻፈው ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታይቶለታል። ካደገ በኋላ ደግሞ ሼክስፒርን ወደ አማርኛ አመጣ፤ ኦቴሎን፣ ሐምሌትን፣ ማክቤዝን። ማክቤዝ ምንድን ነው? የስኮትላንድ ታሪክ ነው። በእውነትም ከ1040 እስከ 1057 የነገሠ በዚህ ስም የሚጠራ ንጉሥ ነበር። ተውኔቱ በሦስት ጠንቋዮች ይጀመራል፣ የሞተ ሰው ግብር ላይ መጥቶ ወንበር ይይዛል፣ ባልና ሚስት በሹክሹክታ ንጉሥ ይገድላሉ። እኛ በስልካችን የምናነበው የስኮትላንድ ጭጋግና መንፈስ ቅድመ አያቱ ይኸው ነው፣ ወደ አማርኛ ያሻገረውም የቦዳ ልጅ ነው። ለዘመዴ መጀመሪያ የነገርኩት ይህንን ነበር። ዝም አለ። (ዝም ማለቱ አምኖ ይሁን ሰልችቶት፣ እሱ ነው የሚያውቀው።)

አሁን ደግሞ መነጽሩን እንገልብጠው። እኛ የእነሱን አገር በልብ ወለድ እንደምናይ ሁሉ እነሱም የእኛን አይተዋል፤ ያውም ቀድመውን። ሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» የተባለውን የአቢሲንያ ልዑል ታሪክ ያሳተመው በ1759 ነው። ለእናቱ ቀብር ወጪ ብሎ በአንድ ሳምንት ማታ ማታ ጻፈው ይባላል። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም፤ የሚያውቃት ከመጽሐፍ ነው። ሲራክ ኅሩይ በኋላ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ማለትም ያልነበርንበትን ኢትዮጵያ ራሳችን በቋንቋችን አነበብን። ጋባልዶንም የመጀመሪያውን «አውትላንደር» ስትጽፍ ስኮትላንድን አልረገጠችም ነበር፤ አሪዞና ቁጭ ብላ ከቤተ መጻሕፍት ነው የገነባቻት። ስለዚህ አምቦ ሆኜ የማነባት ስኮትላንድና ለንደን ሆነው ያነበቧት አቢሲንያ እኩል የወረቀት አገሮች ናቸው። ይህ የሚያናድድ ነገር አይደለም፣ ግን ማወቁ ይጠቅማል።

አንድ ሰው ብቻ ከወረቀቱ ወጥቶ በእግሩ መጣ። ጄምስ ብሩስ ስኮትላንዳዊ ነው፣ በ1730 የተወለደ፤ እንደ ጄሚ ደገኛ ሳይሆን የቆላው ወገን። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጸጉሩ ቀይ። በ1769 ምጽዋ ደረሰ፣ በ1770 ጎንደር ገባ። የእቴጌ ምንትዋብን ልጅ፣ የራስ ሚካኤል ስሑልን ሚስት ወይዘሮ አስቴርን ያወቀው እዚያ ነው። በቤተ መንግሥቱ ፈንጣጣ ሲገባ ሐኪም ሆኖ አገለገለ። ስለ እሷ በጻፈው ውስጥ አድናቆቱ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ልቦለድ ጸሐፊ ይሙላው። አገሩ ተመልሶ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ ሲያሳትም ለንደን ውስጥ ብዙ ሰው አላመነውም። የፈጠረ መሰላቸው። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ዕድሜው ነው። ኩሎደን ላይ የደገኞቹ ጦር ሲያልቅ ብሩስ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ጄሚና ብሩስ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

ኩሎደን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እነዚህ መጻሕፍት ሁሉ የሚጠጡት ከዚያ ምንጭ ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 1746፣ ከኢንቨርነስ አጠገብ፣ የደገኞቹ ሠራዊት አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሕግ የደጋውን ባህላዊ ልብስ ከለከለ፤ ወንድ ልጅ ያን ሽንሽን ቀሚስ ለብሶ ቢገኝ ይታሰራል። ክልከላው እስከ 1782 ቆየ። የጎሳ አለቆች ሥልጣናቸውን ተገፈፉ፣ ከዚያም በኋላ ገበሬው ለበግ እርባታ ሲባል ከመሬቱ ተነቀለ፣ ብዙው ባሕር ተሻገረ። ጌሊክ የሚባለው ቋንቋቸውም ቀስ በቀስ ከቤት ወጣ። በ1872 የስኮትላንድ ትምህርት በአዋጅ ሲደራጅ አዋጁ ጌሊክን ከነመኖሩም አላነሳውም።

አሁን አስቂኙን ስሙ። በ1814 ዋልተር ስኮት «ዌቨርሊ» የተባለ ልቦለድ አወጣ፤ የተሸነፉትን ደገኞች ቆንጆ አድርጎ። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1822፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራ መጣ። ምን ለብሶ? ያንኑ ተከልክሎ የነበረውን ቀሚስ። ክልከላው ከተነሣ ገና 40 ዓመቱ ነው! ሰዎቹ አስጊ መሆናቸው ሲያበቃ ልብሳቸው ጌጥ ሆነ። የደገኛው ፍቅር የሚባለው የልቦለድ ዘር የተወለደው እዚህ ላይ ነው፤ የተሸነፈ ሕዝብ ሲቆነጃጅ። እኔ መጽሐፉን አልጠላሁም፣ አሁንም አነባለሁ። ግን የጄሚን ጌሊክ ባነበብኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። «ሳሰናክ» ይላታል ክሌርን። ለእንግሊዝ ሰው የወጣ የባዳ ስም ነው፤ በእሱ አፍ የፍቅር መጠሪያ ሆነ። አንባቢዋ ትቀልጣለች። ቋንቋው ግን ዛሬ ስንት ቤት ውስጥ ነው ለልጅ እሹሩሩ የሚባልበት?

ይህን አምቦ ሆኖ ማንበብ ሌላ ቦታ ሆኖ ከማንበብ የሚለይ ይመስለኛል። በጃንሆይ ዘመን ኦሮምኛ ትምህርት ቤት አይሰጥበትም፣ ጋዜጣ አይወጣበትም ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 የታተመው ስዊዘርላንድ ነው። በቁቤ መማር የተጀመረው ከ1991 ወዲህ ነው፤ የሚገርመው «አውትላንደር» የወጣበት ዓመት ነው። ስለዚህ ከእኛ መሐል እናቱ በቤት በአንድ ቋንቋ እየጠራችው፣ ክፍል ውስጥ ስሙ በሌላ ቋንቋ የተጻፈበት አባት ያለው ብዙ ነው። ጄሚ ለእንግሊዞቹ በእንግሊዝኛ መልሶ ለፈረሱ በጌሊክ ሲያንሾካሹክ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ጸጋዬም ይህ ገብቶታል። በ1965 በእንግሊዝኛ ያሳተመው ተውኔት ርዕሱ ላይ ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን አቁሟል፤ ኦዳንና ኦክን፣ ከዚያም የትንቢት ቃልን። ኦክ የኬልት ካህናት፣ ድሩይድ የሚባሉት፣ ያከብሩት የነበረ ዛፍ ነው፤ ሮማዊው ፕሊኒ ጽፎታል። ኦዳ የእኛ ነው፣ የሾላ ዘር፣ ጥላው ሥር ሕግ የሚወጣበት። ሁለቱ በዘርም በመልክም አይገናኙም። ምናልባት ለእንግሊዝኛው አንባቢ መሸጋገሪያ ይሁን ብሎ አስቦ ይሆናል። ታሪኩ ግን ከድንጋይ ልቦለዶቹ በጣም ይለያል። ትንቢቱ ሻንካ የተባለውን ጎበዝ ኡኩቴን እንዲያገባ፣ የሚወለደው የመጀመሪያ ልጅም ለአባቶች መንፈስ እንዲሠዋ ያዝዛል። ሻንካ ልጁን ላለመስጠት ሚስቱን አይነካም። ኡኩቴ ብቻዋን አልቻለችም፤ ወደ ጓደኛው ወደ ጎአ ሄደች፣ አረገዘች። ሁለቱ ጓደኛሞች እንዲጋደሉ ተፈረደ። እሷም በምጥ ሞተች።

እዚህ መንፈሱ በር አይከፍትም። ዋጋ ይጠይቃል። የጋባልዶን ድንጋይ ለሴቲቱ ሁለተኛ ባል ይሰጣታል፤ የጸጋዬ ዛፍ ያለውንም አንዱን ይወስዳል። የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ፣ በሐዘን ቀን የጋባልዶንን አነባለሁ፣ ደህና ስሆን የጸጋዬን። በዚህ አላፍርም።

የጊዜ ጉዞ ራሱ የባዕድ ነገር ነው የሚል ካለ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይሂድ። በተረፈ ባሮክ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ሊለቅም ወጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ይላል። ሲነቃ 66 ዓመት አልፏል። ሙዳዩ ውስጥ ያለው በለስ ግን ወተቱ ገና ያንጠባጥባል። ወደ ከተማ ሲገባ ኢየሩሳሌም ጠፋችው፤ ሰፈሩን አያውቀውም፣ የሚያውቀው ሰው የለም፣ ሕዝቡ ባቢሎን ተማርኳል። አንድ ሽማግሌ ጠየቀ፣ ሽማግሌውም አስረዳው። በአየርላንድ ተረት ደግሞ ኦሺን የተባለው ጀግና ንያቭ ከምትባል የመናፍስት ልጅ ጋር ወደ ወጣትነት ምድር ሄዶ ሦስት ዓመት የቆየ መሰለው፤ ለካ 300 ነው። ተመልሶ ከፈረሱ ወድቆ መሬት ሲነካ በአንዴ ሸመገለ። የኦሺን ሥጋ ጊዜውን ከፈለ፤ የአቤሜሌክ በለስ አልከፈለችም። እኔ አቤሜሌክን እመርጣለሁ፣ ግን ፍቅር የለበትም፤ ይኼ አንዱ ጉድለቱ ነው።

እስቲ አንዷን የአምቦ ልጅ እንላካት። ወደዚያው ወደ 1743። ድንጋይ ካስፈለገ ጥያ አለ፣ ሶዶ ውስጥ፣ 36 የመቃብር ትክል ድንጋዮች፤ እኔ ግን በወንጪ ሐይቅ ዳር ባደርገው ይሻለኛል። ስትነቃ መጀመሪያ የሚጎድላት ባሕር ዛፍ ነው። ከምኒልክ ዘመን በፊት የለማ! ኮረብታው ሁሉ ጥድና ወይራ። ጀልዱ ላይ ድንች የለም፤ ድንች ወደ አገራችን የገባው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። የአምቦ ውኃ ከመሬት ይፈላል፣ ጠርሙሱ ግን የለም። ከተማም የለም። ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ነግሦ እናቱ ምንትዋብ አገር ትመራለች፤ እዚህ ግን የሜጫ ኦሮሞ ምድር ነው፣ ሕጉም ከጌዶ ወዲያ ኦዳ ቢሲል ላይ፣ በገዳ ነው የሚወጣው።

አማርኛዋ አያግባባትም። ጂንሷን አይተው ሴት ይሁን ወንድ ይጨቃጨቃሉ። ክሌርን ከእንግሊዙ መኮንን ያዳናት ጄሚን አግብታ የስኮትላንድ ሰው መባሏ ነው። ለእኛዋም ተመሳሳይ መንገድ አለ፤ ሞጋሳ። ባዳ የሆነ ሰው በጎሳ ጉባኤ ፊት የጎሳው ልጅ ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ደሙ ደማቸው ነው፣ የነካው ሁሉንም ነካ። መልኳ ያማረ ደገኛ ጎረምሳ ኋላ ይመጣል፣ ጥሎሽም ይቆጠራል፣ ወይ ደግሞ ይጠልፏታል፤ ዘመኑን ማሳመር አልፈልግም፤ የባሪያ ንግድም ያለበት ዘመን ነው። መጀመሪያ ግን ከኦዳው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ቀና ብለው ያዩአታል፣ በእርጋታ ይጠይቋታል፤ የማን ልጅ ነሽ? አባትሽን፣ የአባትሽን አባት፣ እየቆጠርሽ ንገሪን። እሷም ጣቷን ታነሣለች፣ ሦስተኛው ስም ላይ ስትደርስ ትቆማለች።