የእናቶች ነጠላ
ነጠላ የኢትዮጵያ ሴቶች ከቀሚስ በላይ የሚደርቡት ከጥጥ የተሠራ ስስ የሀገር ልብስ ነው። በተለይ በዕድሜ የገፉ እናቶች ከቤት ሲወጡ አይለያቸውም። በአዲስ አበባ ከሚታወቁት መገበያያዎቹ አንዱ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ ነው። ከአካባቢው ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ናቸው።

አጣፋፍ
የነጠላ አጣፋፍ እንደ ጉዳዩ ይለያያል። ለበዓልና ለደስታ ጥለቱ ወደ ታች ይውላል። ለለቅሶ ተገልብጦ ወደ አንገት ይወጣል። ወደ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ ሁለቱ ጫፎች በትከሻ ላይ ተመሳቅለው ይጣላሉ፤ ይህም መስቀለኛ ይባላል። ስለዚህ ለቅሶ ቤት በሠርግ አጣፋፍ መግባት ያስነውራል።

አመራረጥ
እናቶች ብዙውን ጊዜ በነጭ መደብ ላይ ጠበብ ያለና ቀለሙ ረጋ ያለ ጥለት ይመርጣሉ። ራሳቸውን በሻሽ ያስራሉ፣ ወገባቸውን በመቀነት ይታጠቃሉ፤ መቀነቱ ገንዘብ መቋጠሪያም ነው። ለብርድ ጊዜ በነጠላ ፈንታ አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ይለበሳል።

በእጅ የተሸመነውን ጥለት በፋብሪካ ከታተመው ለመለየት ጨርቁን ገልብጦ ማየት ይጠቅማል። የተሸመነው ጥለት ክሩ ከጨርቁ ጋር አብሮ ስለተሠራ በጀርባውም ይታያል፤ የታተመው ግን በጀርባው ይደበዝዛል። የታተመው በዋጋ ይረክሳል። ሆኖም ለሽመና የሚሆነውን ማግ በእንዝርት የሚፈትሉት በአብዛኛው ሴቶች በመሆናቸው፣ የታተመ ጨርቅ ገበያውን ሲይዝ ከሸማኔው ጋር የፈታዮቹም ገቢ ይቀንሳል።