«ዋግ» የሚለው ቃልና የኮንድሪላ ዋግ ታሪክ

«ዋግ» የሚለው ቃል ሲነሣ አማርኛ ተናጋሪው ገበሬ የሚያስበው ጥፋትን ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የአማርኛ ትርጉምም፣ በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 4፣ ቃሉ ከአረማሞ ጋር ተጣምሮ መቅሠፍትን ያመለክታል። ስለዚህ «እህል የሚያጠፋ በሽታ» ብሎ መፍታት በቂ ይመስል ይሆናል። የሚከተለው ታሪክ ግን ይህ ፍች ጠባብ መሆኑን ያሳየናል።

ኮንድሪላ የተባለው ተክል ኑግ፣ ሱፍና አደይ አበባ ከሚመደቡበት የዕፀዋት ቤተሰብ ነው። የትውልድ አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ ሲሆን፣ በ1910ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ታየ። በስንዴ ማሳ ውስጥ ገብቶም ውሃውንና ናይትሮጅኑን ተሻማ፤ ጠንካራ ግንዱም የማጨጃውን መኪና ተበተበ። ሥሩ ጥልቅ ነው፤ በእርሻ ጊዜ የተቆራረጠውም እንደ ገና ስለሚያቆጠቁጥ በማረስ ሊጠፋ አልቻለም።

በ1966 የአውስትራሊያ መንግሥት የሳይንስ ምርምር ድርጅት በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሞንፔልዬ፣ ጣቢያ አቋቁሞ አረሙን በትውልድ አገሩ የሚገታውን ነገር መፈለግ ጀመረ። ከተገኙት አንዱ «ፑክሲኒያ ኮንድሪሊና» የተባለው ዋግ ነበር። ይህ ዋግ ሌላ አስተናጋጅ ሳያሻው ሙሉ የሕይወት ዑደቱን በኮንድሪላ ላይ ይፈጽማል። በኢጣልያ ከቪዬስቴ የተወሰደው ዝርያ ሌሎችን ተክሎች እንዳይጎዳ ከተመረመረ በኋላ በ1971 በአውስትራሊያ ተለቀቀ። ብናኙ በነፋስ እየተወሰደ በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን አዳረሰ። በዚህም መቅሠፍት የነበረው ዋግ ለስንዴው ዘበኛ ሆነ።

ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። ኮንድሪላ በአውስትራሊያ ሦስት ዓይነት ነበረው፤ ባለ ጠባብ፣ ባለ መካከለኛና ባለ ሰፊ ቅጠል። ዋጉ የመታው በብዛት ተስፋፍቶ የነበረውን ባለ ጠባብ ቅጠሉን ብቻ ነው። ሁለቱ የቀሩት ዓይነቶች ባዶውን ቦታ እየያዙ ተስፋፉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ቃሉ መፈታት ያለበት በሚያደርሰው ጉዳት ሳይሆን በነገሩ ባሕርይ ነው። ሁለተኛ፣ «ዋግ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ የተክሉን «ዓይነት» ከዋጉ «ዝርያ» ለይተን ካልጠራን፣ የአውስትራሊያውን ድልም ሆነ ጉድለት በትክክል ልንገልጽ አንችልም።

ነገሩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። ቅንጬ አረም የሚባለው ፓርተኒየም ከዚሁ የዕፀዋት ቤተሰብ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ዋግ ሲመታው ታይቷል። ይህን የሚጽፍ ባለሙያ «ዋግ» ማለት ጠላት ብቻ ከሆነበት፣ ቃሉ ሐሳቡን ይቃረንበታል። ስለዚህ የሚከተለውን ፍች እናቀርባለን፦

ዋግ፦ በተፈጥሮ በሕያው ተክል ላይ ብቻ የሚኖር፣ ብዙውን ጊዜ የብረት ዝገት የሚመስል ብናኝ የሚያወጣ ጥገኛ ፈንገስ፤ ደግሞም ይኸው ፈንገስ በተክሉ ላይ የሚያመጣው በሽታ።